እውነቱን ቢናገርም የማይሰሙት ጀግና

ጥያቄ፦ ሰሞኑን ከቤተሰብ ጋር ሆነን «ሄይል ዘ ኮንከሪንግ ሂሮ» የሚባል የ1944 የሆሊውድ ኮሜዲ አየን። አባቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔን ግን ጩኸቱ አደከመኝ፤ ሁሉም ባንዴ ነው የሚያወራው። መጨረሻውም አልተዋጠልኝም። አንድ ልጅ ሳይዘምት ዘመትኩ ብሎ ከተማውን ሁሉ ያታልላል፤ ከዚያ «ከንቲባችን ሁንልን» ይሉታል። ይሄ ምኑ ነው የሚያስቀው? በጦርነት ጊዜ የተሠራ ፕሮፓጋንዳ ነው ወይስ እኔ ያልገባኝ ነገር አለ? ደግሜ ልየው ወይስ ይቅርብኝ?

ምላሽ፦ ደግመው ይዩት። አባትዎም አጠገብዎ ቢኖሩ ጥሩ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ላስተካክል። የፊልሙ ልጅ ዉድሮው ከተማውን አላታለለም። በራሱ ፈቃድ የዋሸው እናቱን ነው። (ለፍቅረኛው ለሊቢም አንድ የውሸት ደብዳቤ ጽፏል፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።) ይህ ልዩነት ቀላል ይመስላል እንጂ ፊልሙ በሙሉ የቆመው እዚያ ላይ ነው። ካላዩት የቀረው ሁሉ ጫጫታ ነው የሚሆንብዎት።

ታሪኩን ከሥሩ እንየው። የዉድሮው አባት የማሪን፣ ማለትም የአሜሪካ የባሕር እግረኛ ጦር፣ ወታደር ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1918፣ ፈረንሳይ ውስጥ ቤሎ ዉድ በተባለው ውጊያ ላይ ወደቀ። ልጁ የተወለደው አባቱ በሞተበት ዕለት ነው። ስሙ እንኳ ሸክም ነው፤ ዉድሮው ላፋዬት ፐርሺንግ ትሩስሚዝ። አንድ ፕሬዚዳንት፣ አንድ የፈረንሳይ መኮንንና አንድ ጄኔራል ገና በክርስትናው ትከሻው ላይ ተጭነውበታል። ቤት ውስጥ የአባትየው ፎቶና ሜዳሊያ እንደ ታቦት ተከብረው ተቀምጠዋል። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ ሲያድግ ምን መሆን እንዳለበት ማንም አይጠይቀውም። ማሪን ሊሆን ሄደ። በወሩ በአለርጂ ምክንያት አሰናበቱት። የሚያስነጥስ ወታደር አንፈልግም አሉት፣ በቃ።

ታዲያ ምን አድርጎ ቤት ይመለስ? ሳን ዲዬጎ የመርከብ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ያዘና ለእናቱ ባሕር ማዶ የዘመተ አስመስሎ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። ደብዳቤዎቹን የሚልክለት በእርግጥ የዘመተ ጓደኛው ነው። ስደት ላይ ሆኖ «እማዬ አታስቢ፣ ሥራው ጥሩ ነው፣ ተመችቶኛል» ብሎ የደወለ ሰው ይህን ልጅ ለመረዳት ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ውሸቱ ለጥቅም አይደለም። እናት እንዳታዝን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ የእሱ ሥራ አይደለም። አንድ ምሽት ቡና ቤት ውስጥ ብቻውን ተክዞ ተቀምጦ፣ ከጓዳልካናል ጦር ሜዳ የተመለሱ ስድስት ማሪኖች ባዶ ኪሳቸውን ይዘው ይገባሉ። ቢራና ሳንድዊች ይጋብዛቸዋል። ሻምበል ባሻው ሄፕልፊንገር ከአባቱ ጋር አብሮ የተዋጋ ሆኖ ይገኛል። ከስድስቱ አንዱ ባግዚ ይባላል፤ እናት አባት የሌለው፣ ከጦርነቱም ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ያልተመለሰ ልጅ ነው። ዉድሮው እናቱን እንዲህ እያታለለ እንደሚኖር ሲሰማ ደሙ ይፈላል። ተነሥቶ ስልክ ይደውላል፤ «ልጅሽ ቆስሎ በክብር ተሰናብቷል፣ እየመጣ ነው» ብሎ ይነግራታል። አለቀ።

የማሪኖቹ ዕቅድ ቀላል ነበር። የደንብ ልብስና ሜዳሊያ ያለብሱታል፤ ከባቡር ወርዶ ቶሎ ቤቱ ይገባል፤ እናቱን ይስማል፤ ልብሱን ያወልቃል። ማን ያያል? ባቡሩ ሲቆም ግን ከተማው ኦክሪጅ በሙሉ ጣቢያው ላይ ተሰልፏል። ከንቲባው ንግግሩን ይዟል፤ ማርሽ ባንዶቹ ማን መቼ እንደሚጀምር ሳይስማሙ እርስ በርስ እየተደነቃቀፉ ይነፋሉ። የአቀባበል ኮሚቴውን መሪ የሚጫወተው ፍራንክሊን ፓንግቦርን እጁን እያወናጨፈ ሊያብድ ምንም አልቀረውም። ትልቅ ሰው ይመጣል ተብሎ ሲተራመስ የነበረ አዘጋጅ ኮሚቴ አይተው ካወቁ፣ ያን ሰውዬ ወዲያው ይለዩታል።

አሁን ወደ ጩኸቱ። ደራሲውም ዳይሬክተሩም ፕሪስተን ስተርጀስ ነው። በአንድ ካሜራ ፊት ስምንት ዘጠኝ ሰው ደርድሮ ሁሉንም ማናገር ይወዳል። እዚህ ግን ከመውደድም አልፏል። የዉድሮው ችግር ማንም አለመስማቱ ነው። አንድ ሰው እውነት ለመናገር አፉን በከፈተ ቁጥር አሥር ሰው ቀድሞት የሚያወራ ከሆነ፣ እርስዎም ተመልካቹ ያንን መታፈን ሊሰማዎት ይገባል። የደከምዎት ለዚህ ነው። የእሱን ድካም ነው የተካፈሉት።

ለዚህ የሚሆን አንድ ትዕይንት ልጥቀስልዎ። ሁለተኛ ሲያዩ ሪሞቱን አጠገብዎ አድርገው እሱን ሁለት ጊዜ ይመልከቱት። የከተማው ሽማግሎች ዉድሮው ቤት ይመጣሉ። የሚፈልጉት ለከንቲባነት የሚወዳደር ሰው ነው። ዶክ ቢሴል የሚባል ጨዋና ታማኝ ሰው አላቸው፤ በየምርጫው ይወዳደራል፣ በየምርጫው ይሸነፋል። ችግሩ ታማኝነቱ አይደለም፤ ሕዝቡ አይመርጠውም። ውጭ ሕዝብ ተሰብስቧል። ዉድሮው በረንዳው ላይ ወጥቶ ይቅርብኝ ሊል ይሞክራል። አይገባኝም ይላል፤ ያጨበጭባሉ። ምንም አላደረግሁም ይላል፤ ይብሳሉ። ማሪኖቹ አጋንነው ነው ይላል፤ እንባቸው ይመጣል። እያንዳንዷ እውነተኛ ቃል ከአፉ ወጥታ ሰዉ ጆሮ ስትደርስ ትሕትና ሆና ትገኛለች። በዚያ ምሽት ከእሱ የተሻለ የምርጫ ቅስቀሳ ያደረገ ፖለቲከኛ የለም፤ ያደረገው ግን ላለመመረጥ ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። እዚህ ከተማ ውስጥ እውነቱ ገና ሳይነጋ በጭብጨባ ይሸፈናል። ቀልዱ ይሄ ነው። ዉድሮውን የሚሠራው ኤዲ ብራከንም ድንቅ አድርጎ ይጫወተዋል። ላቡን ይመልከቱ፤ ዓይኑ መውጫ በር ሲፈልግ ይመልከቱ። ሌላ ተዋናይ ቢሆን በፊት ቅርጽ ለውጥ ብቻ ሊያስቀን ይሞክር ነበር። ብራከን ግን በእውነት ይጨነቃል። እኛ የምንስቀው እሱ ስለማይስቅ ነው።

አባትዎ ሆዳቸውን ይዘው የሳቁት የትኛው ላይ እንደሆነ ብጠይቃቸው ደስ ይለኝ ነበር። ግምቴን ልናገር፤ በእናትየው በኩል ያሉት ትዕይንቶች ላይ ይመስለኛል። ወይዘሮ ትሩስሚዝን የምትጫወተው ጆርጂያ ኬን ናት። ብዙ ንግግር የላትም። ግን ዉድሮው «ነገሩ እንዲህ ነው» ብሎ ሊጀምር ባለ ቁጥር ፊቷ ያስቆመዋል። ፊቷ ካላስቆመው ባግዚ አለ። ባግዚን የሚጫወተው ፍሬዲ ስቲል የቀድሞ የመካከለኛ ሚዛን የቦክስ ሻምፒዮን ነው። እሱ በቀዝቃዛ ድምፅ ስለ እናትህ አስብ ሲል፣ ምክርም ነው ማስፈራሪያም ነው። እናት ሳይኖረው ያደገ ሰው፣ እናት ያለውን ልጅ በጉልበት ጥሩ ልጅ ሊያደርገው ይጥራል። እኔን በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያስቀኝም የሚከብደኝም እሱ ነው።

ነገሩ ከቤት ወጥቶ ፖለቲካ የሚሆነው እንዴት ነው? ቀስ በቀስ፣ ደግ በሆኑ ሰዎች እጅ። የእናቱ ቤት ዕዳ ነበረበት፤ ከተማው አዋጥቶ ይከፍልና የዕዳ ወረቀቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይቃጠላል። እናት ታለቅሳለች። አሁን ዉድሮው እውነቱን ቢናገር ውሸታም ብቻ አይደለም የሚባለው፤ የሰው ገንዘብ የበላ ነው። ቀጥሎ ሐውልት ይቁምለት ይባላል። ቀጥሎ ከንቲባነት። እያንዳንዱ እርምጃ ስጦታ ነው፤ ስጦታው በበዛ ቁጥር ገመዱ ይጠብቃል። ክፉ ሰው አልፈለገም ስተርጀስ። ከንቲባ ኖብል እንኳ፣ ያ ንግግሩን እያስጻፈ በራሱ ድምፅ የሚመሰጥ ሰውዬ፣ የለመድነው ዓይነት ባዶ ባለሥልጣን ነው እንጂ ጭራቅ አይደለም።

ስለ ሐውልት ካነሣን አንድ ቦታ እንዳያመልጥዎ። ሻምበል ባሻው ዉድሮውን ሲያጽናና መናፈሻው ውስጥ ስላለው የጄኔራል ዛብሪስኪ ሐውልት ያነሣል። ሰውየው ማን እንደነበረ፣ የት እንደተዋጋ የሚያስታውስ የለም። ጀግና ነበር ይባላል፤ ዛሬ የእርግብ ማረፊያ ነው። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ወሬ ነው። በ1944፣ አሜሪካ በየሳምንቱ ልጆቿን እየቀበረችና ሜዳሊያ እየሰጠች ባለችበት ጊዜ፣ ይህን አስቂኝ አድርጎ በሲኒማ ቤት ማሳየት ድፍረት ይጠይቃል።

ይህ ስለ ፕሮፓጋንዳ ላነሡት ጥያቄ መልስ ይሆናል። ፊልሙ ማሪኖችን አያንቋሽሽም። እነሱ ደጎች፣ ጓዳቸውን የማይከዱ፣ ትንሽ ያበዱ ልጆች ናቸው። ሠራዊቱን የሚያይ ዓይን ምንም የሚያስቆጣ ነገር አያገኝበትም። የሚታማው ቤት የቀረው ሕዝብ ነው፤ ጀግና አምጡልን እያለ የሚጮኸው፣ ጀግና ሲያጣ ደግሞ የሚሠራው። ፊልሙ የወጣው በነሐሴ 1944 ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ሩዝቬልት ለአራተኛ ጊዜ ተመረጠ። አገሩ በጦርነትም በምርጫም ትኩሳት ላይ እያለ መውጣቱ ነው እንግዲህ።

አወጣጡም ቀላል አልነበረም። ፊልሙን የሠራው ስቱዲዮ የፓራማውንት የምርት ኃላፊ በዲ ደሲልቫና ስተርጀስ በብዙ ነገር አይግባቡም ነበር። ሊቢን የምትጫወተው ኤላ ሬይንስ ስም የላትምና ትቀየር አሉት፤ ቀረጻ ተጀምሯል፣ አልቀይርም አለ። ፊልሙ ሲያልቅ ስቱዲዮው ቆራርጦ አሳየው፤ ተመልካች አልወደደውም። ያኔ ስተርጀስ ኮንትራቱ አልቆ ከስቱዲዮው ወጥቶ ነበር። ተመልሶ ያለ ክፍያ ፊልሙን አስተካከለ፤ የተወሰነውንም ደግሞ ቀረጸ። እርስዎ ያዩት ያንን ነው። ለምርጥ ኦሪጅናል ስክሪፕት ለኦስካር ታጨ፤ የሚገርመው በዚያው ዓመት በዚያው ዘርፍ ሌላ ፊልሙም ታጭቶ ነበር። ሁለቱም አላገኙም። እንዲያም ሆኖ በ2015 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ከተተው።

ወደ መጨረሻው እንምጣ፤ አልተዋጠልኝም ወዳሉት።

መጀመሪያ ያስታውሱ፤ ዉድሮው አልተያዘም። የከንቲባው ሰዎች ከሳን ዲዬጎ ማስረጃ አግኝተው ሊያጋልጡት ተቃርበዋል፤ እሱ ግን ቀድሟቸው አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ራሱ ይናገራል። ያን ንግግር ሲሰሙ ጫጫታውን ልብ ይበሉ። የለም። ከአንድ ሰዓት ተኩል ግርግር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን ያወራል፤ ሌላው ሁሉ ያዳምጣል። ስተርጀስ ያን ሁሉ ጩኸት ያጠራቀመው ለዚህ ዝምታ ነው። ዉድሮው ሰበብ አይደረድርም። ማሪኖቹ ናቸው ያስገቡኝ ማለት ይችል ነበር፤ እውነትም ነበር፤ አላለውም። እናቱ ተቀምጣ ትሰማለች። አባቱ በጦር ሜዳ ያደረገውን ልጁ አዳራሽ ውስጥ አደረገው ማለት እችል ነበር፣ ግን ይህን ሻምበል ባሻው ከእኔ በተሻለ ይናገረዋል።

ከዚያ ባቡር ጣቢያው። ሕዝቡ እየተመመ ሲመጣ ሊገድሉት መስሎት ይጠብቃል፤ እኛም እንደዚያው። የመጡት ግን ከንቲባ ሁንልን ሊሉት ነው። እርስዎ ይህን እንደ ሽልማት ነው ያዩት፤ ውሸታም ተሸለመ ብለው። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሁለት ነገር ባንድ ላይ ነው ያለው። አንደኛው ደስ ይላል፤ ባለ ሥልጣኑ ሁሉ በሚዋሽበት ከተማ፣ ማጣት የሚችለውን ሁሉ አስይዞ እውነት የተናገረ ሰው ተገኝቷል፤ ይመረጥ ቢሉ አይፈረድባቸውም። ሁለተኛው ግን ያስፈራል። ከሽማግሎቹ አንዱ ለዉድሮው እንዲህ ዓይነት ነገር ይለዋል፤ ፖለቲካ ጉደኛ ነው፤ ሰዉ አንዴ ከፈለገህ ፈለገህ ነው፤ ምክንያት አያስፈልገውም፣ ራሱ ይፈልግለታል። ይህን የሚለው በፍቅር ነው። ግን መልሰው ያስቡት። ትናንት በውሸቱ ወደዱት፤ ዛሬ ውሸት መሆኑን አውቀው ወደዱት። ነገስ በምን ይወዱታል? ፊልሙ አይነግረንም። የማሪኖቹ ባቡር ይሄዳል፣ ሕዝቡ ይዘምራል። ስተርጀስ ጣፋጭ መጨረሻ ሰጥቶን ውስጡ አንድ መራራ ፍሬ ደብቋል። እርስዎ መራራው ነው የቀመሱት፤ ስለዚህ አልገባኝም አይበሉ፣ በደንብ ገብቶዎታል።

እንከን የለበትም አልልም። ሊቢ በቂ ሥራ አልተሰጣትም። በደብዳቤ ሌላ ወድጃለሁ ብሎ አሰናብቷት ከከንቲባው ልጅ ጋር ታጭታለች፤ ዉድሮው ሲመጣ ጀግናው እንዳይከፋው እጮኛ መያዟን እንዳትነግረው ሁሉም ይለምኗታል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እሷም እንደ እሱ በሕዝብ ፍላጎት የታፈነች ናት። ግን ዳይሬክተሩ ልቡ ማሪኖቹ ጋ ነው። የከንቲባው ቤት ትዕይንቶችም አንዳንዴ ከልክ በላይ ይረዝማሉ። ሁለተኛ ሲያዩ እዚያ ላይ ቡና ቢያፈሉ ብዙ አይቀርብዎትም።

በሚመችዎ ቋንቋ ሰብታይትል ካገኙ ይክፈቱት፤ እንግሊዝኛዎ ጥሩ ቢሆንም። የ1940ዎቹ ድምፅ ቀረጻ ነው፣ ንግግሩም ይሮጣል። በስልክ አይዩት፤ ብዙ ፊት ባንድ ፍሬም የሚሰበሰብበት ፊልም ነውና ከኋላ የቆሙት ሰዎች የሚያደርጉት ይጠፋብዎታል። በተለይ ሻምበል ባሻውን የሚጫወተውን ዊሊያም ዴማረስትን ሌላ ሰው ሲያወራ ይከታተሉት። ስተርጀስ ለፓራማውንት በዳይሬክተርነት በሠራቸው ስምንት ፊልሞች ሁሉ አለ፤ ዝም ብሎ መስማት እንዴት እንደሚያስቅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አላየሁም።

ከወደዱት ቀጥለው «ዘ ግሬት ማክጊንቲ»ን ይፈልጉ፤ 1940፣ የዚሁ ሰው የመጀመሪያ ፊልም በዳይሬክተርነት። ዳይሬክተር እንዲያደርጉት ብሎ ስክሪፕቱን ለስቱዲዮው በ10 ዶላር ሸጦታል፤ ኦስካርም አገኘበት። አንድ ሥራ ፈት በአንድ ምርጫ 37 ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ በእያንዳንዷ 2 ዶላር ይከፈለዋል፤ ከዚያ የሥልጣን መሰላሉን ይወጣል። ቤተሰብ እዚያም አለ፤ ለምርጫ ሲባል የሚያገባት ሴት ሕሊና ታበቅልበትና ጉዱ ይፈላል። «ዘ ፋርመርስ ዶተር» የ1947 ደግሞ ለስለስ ያለ ነው፤ በአንድ የፖለቲከኛ ቤተሰብ ቤት ሠራተኛ ሆና የገባች የገበሬ ልጅ ለኮንግረስ ስትወዳደር ያሳያል። ሎሬታ ያንግ ማንም ሳይጠብቃት ኦስካር የወሰደችበት ነው። ጩኸት ካደከመዎት ከዚህኛው ይጀምሩ፤ ማክጊንቲን ለአባትዎ ያስቀምጡላቸው።